የእሳተ ገሞራ ኤሮሶልና የአካባቢ አየር ንብረት አዝማሚያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ጥያቄዎቹ ከመሠረታዊው ተነሥተው ወደ አከራካሪው ይሄዳሉ።

የእሳተ ገሞራ ኤሮሶል የሚባለው አመዱ ነው?

አይደለም፤ ስሕተቱ ግን እጅግ የተለመደ ነው። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ዓይን የሚያየው ጥቁር ደመና በአብዛኛው አመድ ነው። አመድ ደቅቆ የተፈጨ ድንጋይና ብርጭቆ መሰል ቅንጣት በመሆኑ ክብደቱ ወደ ምድር ይጎትተዋል፤ አብዛኛው በሰዓታትና በቀናት፣ በጣም የላመውም በሳምንታት ውስጥ ይረግፋል። አመድ አውሮፕላን ያስቆማል፣ ማሳ ይሸፍናል፣ ጣራ ይደረምሳል፤ የአንድን አህጉር የአየር ጠባይ ለዓመት ያህል ለመለወጥ ግን ዕድሜው አይበቃውም።

ሥራውን የሚሠራው ከአመዱ ጋር የሚወጣውና በዓይን የማይታየው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ ስትራቶስፌር ወደሚባለው የከባቢ አየር ንብርብር ከደረሰ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከውሃ ተን ጋር ተዋሕዶ የሰልፈሪክ አሲድ ጠብታ ይሆናል። የእያንዳንዷ ጠብታ ስፋት የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ያህል ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። ስፍር ቁጥር የሌላቸው እነዚህ ጠብታዎች በአየር ላይ ተንሳፈው የሚፈጥሩት ስስ ጭጋግ ነው የእሳተ ገሞራ ኤሮሶል የሚባለው።

ጭጋጉ ምድርን የሚያቀዘቅዘው እንዴት ነው?

የጠብታዎቹ መጠን ከሚታየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ጋር ስለሚቀራረብ፣ ወደ ምድር የሚመጣውን የፀሐይ ብርሃን በመበተን ረገድ እጅግ ውጤታማ ናቸው። ከተበተነው ብርሃን ከፊሉ ወደ ጠፈር ይመለሳል፤ ምድር የምታገኘው ኃይል በዚያው ልክ ይቀንሳል። የቀረው ወደ ታች ቢደርስም፣ በቀጥታ ከፀሐይዋ መምጣቱ ቀርቶ ከሰማዩ ሁሉ ተሰባጥሮ ይመጣል። ስለዚህም ከታላላቅ ፍንዳታዎች በኋላ ቀትር ላይ ሰማዩ ሰማያዊነቱ ደብዝዞ ነጣ ይላል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ አድማሱ ለረዥም ደቂቃዎች በቀይና በሐምራዊ ቀለም ይቀላል።

በፊሊፒንስ ሉዞን ደሴት የሚገኘው ፒናቱቦ በጁን 15 ቀን 1991 ሲፈነዳ 15 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወደ ስትራቶስፌር አስገባ። ደመናው በሦስት ሳምንት ውስጥ ምድርን ዞረ። የናሳው ጄምስ ሃንሰንና ባልደረቦቹ በ1992 መጀመሪያ ላይ የዓለም አማካይ ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እንደሚወርድ አስቀድመው ተነበዩ፤ የሆነውም ይኸው ነው። የአየር ንብረት ሞዴሎች በአደባባይ ከተፈተኑባቸውና ካለፉባቸው አጋጣሚዎች መካከል ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ጥቂት ነው።

ከላይ ያለው ንብርብር ግን በተቃራኒው ይሞቃል። ጠብታዎቹ ከምድር ወደ ላይ የሚወጣውን ሙቀትና ከፀሐይ ብርሃን ጥቂቱን ስለሚውጡ፣ ከፒናቱቦ በኋላ የስትራቶስፌር የታችኛው ክፍል ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ሞቋል። ይህ ሙቀት ወደ ታች ወደሚያመጣው ጣጣ፣ ቅዝቃዜው በየአካባቢው ስለመለያየቱ በሚናገረው ጥያቄ ሥር እንመለሳለን።

ታላቅ ፍንዳታ ሁሉ የአየር ንብረትን ይለውጣል?

አይለውጥም። የፍንዳታን ታላቅነት የምንለካበት የተለመደው መለኪያ በተተፋው ድንጋይና አመድ ብዛትና በደመናው ከፍታ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ስለ ሰልፈር የሚናገረው ነገር የለም። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የሚገኘው ሴንት ሄለንስ በሜይ 1980፣ የሜክሲኮው ኤል ቺቾን ደግሞ በማርችና በኤፕሪል 1982 ሲፈነዱ በዚያ መለኪያ እኩል ደረጃ አግኝተዋል። ሴንት ሄለንስ ግን ወደ ጎን የፈነዳና ያስገባውም ሰልፈር ዳይኦክሳይድ አንድ ሚሊዮን ቶን ገደማ ብቻ ስለነበር በአየር ንብረት መዝገብ ላይ አሻራው ፈልጎ ለማግኘት እንኳ ያስቸግራል። ኤል ቺቾን በአንጻሩ ሰባት ሚሊዮን ቶን ያህል ስላስገባ፣ ከመፈንዳቱ በፊት ስሙን የሚያውቅ ሰው ባይበዛም፣ በሳይንቲስቶች ዘንድ ከሁለቱ ይበልጥ የሚጠቀሰው እሱ ሆነ።

ሁለተኛው ነገር ከፍታ ነው። በታችኛው የከባቢ አየር ክፍል የገባ ሰልፈር በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ዝናብ አጥቦ ያወርደዋል፤ በስትራቶስፌር ውስጥ ግን ዝናብ የለም። የሁለቱ ንብርብሮች ወሰን በምድር ወገብ አካባቢ ከ16 እስከ 18 ኪሎ ሜትር፣ በዋልታዎች አቅራቢያ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ላይ ይገኛል። በ2010 የአውሮፓን የአየር በረራ ለቀናት ያናጋው የአይስላንዱ ኤያፍያላዮኩል አመዱ እንጂ ሰልፈሩ የሚወራለት አልነበረም፤ በሙቀት ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ሦስተኛው ቦታው ነው። በምድር ወገብ አካባቢ የፈነዳ እሳተ ገሞራ ኤሮሶሉ በስትራቶስፌር የአየር ዝውውር ተይዞ ወደ ሁለቱም ንፍቀ ክበቦች ይሰራጫል፤ ከወገቡ ርቆ የፈነዳ ግን በአብዛኛው በራሱ ንፍቀ ክበብ ተወስኖ ይቀራል፤ ከከባቢው አየር የሚወጣውም ቀደም ብሎ ነው። የአካባቢ አየር ንብረትን ለሚከታተል ሰው ከሦስቱ ነጥቦች ይኸኛው የበለጠ ክብደት አለው።

ውጤቱ ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል?

የኤሮሶሉ መጠን በየአንድ ዓመቱ ገደማ ወደ አንድ ሦስተኛ እየወረደ ይሄዳል። በሙቀት መዝገብ ላይ ጉልህ ሆኖ የሚታየው ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ነው። ውቅያኖስ ግን የደረሰበትን ቅዝቃዜ ቶሎ አይረሳም፦ ከፒናቱቦ በኋላ የባሕር ውሃ ሙቀት አጥቶ በመኮማተሩ የዓለም የባሕር ጠለል በአምስት ሚሊሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ወደ ነበረበት ለመመለስም የዓመታት ጊዜ ፈጅቶበታል። ፍንዳታዎች ተደራርበው ሲመጡ ደግሞ አንዱ ያደረሰው ቅዝቃዜ ሳይሽር ሌላው ስለሚጨመርበት፣ ቅዝቃዜው ከአሥር ዓመት በላይ ሊዘልቅ ይችላል።

እሳተ ገሞራ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያወጣል አይደል? ታዲያ ምድርን አያሞቅም?

ያወጣል፤ ነገር ግን በዓለም ያሉ እሳተ ገሞራዎች ሁሉ በዓመት የሚያወጡት ተደምሮ በመቶ ሚሊዮኖች ቶን የሚቆጠር ሲሆን፣ ሰው ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ የሚያወጣው በዓመት ከ35 ቢሊዮን ቶን በላይ ነው። የእሳተ ገሞራው ድርሻ ከሰው ድርሻ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። እንዲያውም ከፒናቱቦ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት በከባቢ አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የመጨመሪያ ፍጥነቱ ለጊዜው ቀንሶ ነበር። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ፣ ተበትኖ የመጣው ብርሃን በደን ውስጥ በጥላ ሥር ለነበሩት ቅጠሎች ሳይቀር በመድረሱ ዛፎቹ የበለጠ ካርቦን መምጠጣቸው ነው።

ዓለም በግማሽ ዲግሪ ቀዘቀዘ ሲባል የእኔም አካባቢ በዚያው ልክ ቀዝቅዟል ማለት ነው?

ማለት አይደለም። ግማሽ ዲግሪ ማለት ሁለት ዲግሪ የቀዘቀዘውም፣ ምንም ያልተለወጠውም፣ ይባስ ብሎ የሞቀውም ተደምሮ የተገኘ አማካይ ነው። የብስ ከውቅያኖስ ይልቅ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ በአህጉራት ውስጠኛ ክፍል ያለው ለውጥ ከአማካዩ ይበልጣል። በተለይ ብርሃኑ በሚበረታባቸው የሙቀት ወራት ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል፤ የ1992 የሙቀት ወራት በሰሜን አሜሪካ ሰፊ ክፍል ከወትሮው የቀዘቀዙ ነበሩ።

በብርድ ወራት ግን ነገሩ ይገለበጣል። በ1991 እና በ1992 መካከል በነበረው የብርድ ወቅት ሰሜን አውሮፓ፣ ሳይቤሪያና የሰሜን አሜሪካ ከፊል ከወትሮው ሞቀው፣ መካከለኛው ምሥራቅ ግን በብርድ ተመታ። የሚሰጠው ማብራሪያ ከላይ ከጠቀስነው የስትራቶስፌር ሙቀት ጋር የተያያዘ ነው፦ በምድር ወገብ አናት ላይ ያለው አየር ሲሞቅ ከዋልታው አየር ጋር ያለው የሙቀት ልዩነት ይሰፋል፤ ይህም በዋልታው ዙሪያ የሚሽከረከረውን ነፋስ ያጠናክራል፤ የተጠናከረው የምዕራብ ነፋስም የውቅያኖሱን ለብ ያለ አየር ወደ ሰሜናዊው የብስ ይነዳል። ማብራሪያው ውብ ቢሆንም ሁሉንም አላሳመነም። የብርድ ወራት የአየር ጠባይ በራሱ እጅግ ተለዋዋጭ ስለሆነና በመሣሪያ የተለኩት ታላላቅ ፍንዳታዎች በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ፣ የዚያ ዓመት ሙቀት የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል የሚሉ ተመራማሪዎች ጥቂት አይደሉም፤ ጥንቃቄያቸውም ተገቢ ይመስለኛል።

የብርዱን መዘዝ በአንዲት ጠባብ ባሕር ላይ ማየት ይቻላል። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ የ1992 ብርድ የላይኛውን ውሃ ስላቀዘቀዘው ውሃው ከበደና ሰመጠ፤ በምትኩ ከ800 ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው ስፍራ በንጥረ ምግብ የበለጸገ ውሃ ወደ ላይ ወጣ። በዚያ ንጥረ ምግብ አልጌ ያለ ልክ ተስፋፍቶ የኮራል ሪፎቹን እንደ ምንጣፍ ሸፈነ፤ በሥሩም ብዙ ኮራል ሞተ። እሳተ ገሞራው ያለው ፊሊፒንስ፣ የሞተው ኮራል ያለው ቀይ ባሕር፤ በመካከላቸው የሺዎች ኪሎ ሜትሮች ርቀት አለ።

በዝናብ ላይስ የሚያመጣው ለውጥ አለ?

አለ፤ ለብዙ የዓለም ክፍልም ከሙቀቱ ለውጥ ይልቅ የሚጎዳው ይህ ነው። የፀሐይ ብርሃን ሲቀንስ ትነት ይቀንሳል፤ ትነት ሲቀንስ ዝናብ ይቀንሳል። ከፒናቱቦ በኋላ በ1992 በየብስ ላይ የዘነበው ዝናብም፣ ወንዞች ወደ ውቅያኖስ ያፈሰሱት ውሃም በጉልህ አንሷል። በተለይ የሚጎዱት ሞንሱን የሚባለው ወቅታዊ የዝናብ ነፋስ የሚነፍስባቸው ክልሎች ናቸው፤ ሞንሱን የሚነሣው የብስ ከባሕር ይልቅ ሲሞቅ በሚፈጠረው ልዩነት ስለሆነ፣ የብሱ ቀድሞ ከቀዘቀዘ እርጥበት አዘሉን ነፋስ የሚስበው ኃይል ይደክማል።

ሁለተኛው መንገድ የዝናብ ቀበቶው ከቦታው መንሸራተት ነው። በምድር ወገብ ዙሪያ ያለው ይህ ቀበቶ ወቅትን ተከትሎ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል፤ አንዱ ንፍቀ ክበብ ከሌላው ይበልጥ ከቀዘቀዘ ደግሞ ቀበቶው ከቀዘቀዘው ወደ ሞቀው ያዘነብላል። ኤሮሶሉ በሰሜን ብቻ ከተከማቸ ቀበቶው ወደ ደቡብ ይሸሻል፤ ሰሜናዊው ዳርቻም ይደርቃል።

ለዚህ ታሪክ የሰጠን ምሳሌ የአይስላንዱ ላኪ ነው። ላኪ በጁን 1783 የጀመረው እንደ ፒናቱቦ በአንድ ቀን ነጎድጓድ አልነበረም፤ መሬት በረዥም ስንጥቅ ተከፍታ ለስምንት ወራት ላቫና ጋዝ አፈሰሰች፤ የወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድም ወደ 120 ሚሊዮን ቶን ይገመታል። በአይስላንድ ሣሩ ተመርዞ ከብቱ አለቀ፤ ከሕዝቡም አምስተኛው ያህል በረኃብና በበሽታ ሞተ። ጭጋጉ በሰሜኑ ኬክሮስ ላይ እንደተጋረደ የአፍሪካና የእስያ ሞንሱን ደከመ፤ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚነሣው የዓባይ ጎርፍም በዚያው ዓመትና በተከታዩ አነሰ። በዚያን ጊዜ ግብፅ የነበረው ፈረንሳዊው ተጓዥ ቮልኔ የወንዙን ማነስና ተከትሎት የመጣውን ከባድ ረኃብ ጽፏል። ከአይስላንድ ስንጥቅ እስከ ግብፅ እርሻ ድረስ ያለውን ይህን ሰንሰለት የዛሬዎቹ ሞዴሎችም ደግመው አሳይተውታል።

እንግዲያው ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ በተዘረጋው በሣህል የታየው ድርቅ ምንጩ እሳተ ገሞራ ነበር?

በአንዳንዶቹ ዓመታት እጁ ነበረበት፤ በጠቅላላው ግን አልነበረም። በሰሜን ንፍቀ ክበብ የአላስካው ካትማይ በ1912፣ ኤል ቺቾንም በ1982 ከፈነዱ በኋላ ያሉት የሣህል የዝናብ ወራት በ20ኛው መቶ ዘመን እጅግ ከደረቁት መካከል ናቸው። ይህም የዝናብ ቀበቶው ወደ ደቡብ ይሸሻል ከሚለው ማብራሪያ ጋር ይገጥማል።

ይሁን እንጂ የሣህል ድርቅ የጀመረው በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲሆን እስከ 1980ዎቹ ዘልቋል። ዕድሜው ሁለት ዓመት የሆነ ጭጋግ የሃያ ዓመት ድርቅን ሊያስረዳ አይችልም። ዋናው ምክንያት የውቅያኖሶች፣ በተለይም የአትላንቲክ፣ የሙቀት ሚዛን መለወጥ ነው። ለዚህ ለውጥ በዘመኑ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ፋብሪካዎች ይወጣ የነበረው ሰልፈርም አስተዋጽኦ እንዳደረገ በርካታ ጥናቶች ያመለክታሉ። የፋብሪካው ኤሮሶል በታችኛው አየር ውስጥ ዕድሜው የሳምንት ነው፤ ግን ጭስ ማውጫው በየቀኑ ስለሚተካው ውጤቱ ለአሥርተ ዓመታት ይዘልቃል። የእሳተ ገሞራው ተቃራኒው ነው፦ አንድ ጊዜ መጥቶ ለሁለት ዓመት ይቆይና ይሄዳል። ስለ አካባቢ አዝማሚያ የሚያወራ ሰው ሁለቱን በአንድ ስም «ኤሮሶል» እያለ ካለፋቸው ክርክሩ መቋጫ አያገኝም።

የእሳተ ገሞራውን ተጽዕኖ ከኤልኒኖ መለየት ይቻላል?

ኤልኒኖ በምድር ወገብ አካባቢ ያለው የፓሲፊክ ውቅያኖስ ውሃ በየጥቂት ዓመቱ ከወትሮው የሚሞቅበት ክስተት ነው። መለየት ይቻላል፤ ግን ተፈጥሮ አላገዘችንም። ኤል ቺቾን የፈነዳው የ1982 እና 1983 ብርቱ ኤልኒኖ ሲነሣ ነበር፤ ፒናቱቦም ከ1991 እና 1992 ኤልኒኖ ጋር ተገጣጥሟል። ኤልኒኖ የዓለምን አማካይ ሙቀት ከፍ ስለሚያደርግ ቅዝቃዜውን በከፊል ሸፍኖታል፤ በ1983 የዓለም ሙቀት መዝገብ ላይ የኤል ቺቾን አሻራ ደብዝዞ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። በዝናብ ረገድ ግን ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ይጎትታሉ፦ ኤልኒኖም ሆነ የሰሜን ንፍቀ ክበብ ኤሮሶል የሕንድን ሞንሱንና የኢትዮጵያን ደጋ የክረምት ዝናብ ያሳንሳሉ። ስለዚህ ለ1983 ደረቅነት ከሁለቱ የትኛው ምን ያህል ተጠያቂ እንደሆነ በአንድ አካባቢ የዝናብ መዝገብ ብቻ መወሰን አይቻልም። ተመራማሪዎች በሞዴል ውስጥ አንዱን አጥፍተው ሌላውን እየተዉ ደጋግመው የሚያስኬዱት ለዚህ ነው።

ከመሣሪያ ዘመን በፊት የነበረውን እንዴት ማወቅ ይቻላል?

የግሪንላንድና የአንታርክቲካ የበረዶ ንጣፍ በየዓመቱ የወደቀውን በረዶ ደርቦ ደርቦ ያስቀመጠ መዝገብ ነው፤ ከስትራቶስፌር የወረደው ሰልፌትም፣ ማለትም የሰልፈሪክ አሲዱ ጠብታ ቅሪት፣ በየድርቡ ውስጥ ተቀምጧል። ሰልፌቱ በሁለቱም ዋልታ በአንድ ዘመን ከተገኘ ፍንዳታው በምድር ወገብ አካባቢ እንደነበር፣ በግሪንላንድ ብቻ ከተገኘ በሰሜን እንደነበር ይገመታል። በ1250ዎቹ መጨረሻ የታየው እጅግ ከፍተኛ የሰልፌት ክምችት ለአሥርተ ዓመታት ባለቤቱ ሳይታወቅ ቆይቶ፣ በ2013 የኢንዶኔዢያዋ ሎምቦክ ደሴት ላይ የነበረው ሳማላስ መሆኑ ተደረሰበት። በ1809 አካባቢ የታየው ሌላ ክምችት ደግሞ ምንጩ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ በ1815 ከፈነዳው የኢንዶኔዢያው ታምቦራ ጋር ተደምሮ ግን ያንን አሥር ዓመት ከተመዘገቡት እጅግ ቀዝቃዛ ዘመናት አንዱ አድርጎታል። ከታምቦራ በኋላ በ1816 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በጁን ወር በረዶ ወርዷል፤ በምዕራብ አውሮፓም እህሉ በማያባራ ዝናብ በስብሶ ረኃብ ገብቷል።

የዛፍ ግንድ ዓመታዊ ቀለበት ሁለተኛው ምስክር ነው፤ በቀዝቃዛ ዓመት ቀለበቱ ይጠብባል። ነገር ግን ዛፍ የሚመሰክረው ስላደገበት ወቅት ብቻ መሆኑን አለመዘንጋት ይገባል። በብርድ ወራት ሙቀት ነበር ወይ የሚለውን ክርክር ዛፍ ሊፈታው አይችልም፤ በእነዚያ ወራት ተኝቶ ነበርና።

የአካባቢዬን የሙቀት አዝማሚያ ሳሰላ ፍንዳታ ስሌቱን ሊያዛባው ይችላል?

ይችላል፤ ምን ያህል እንደሚያዛባው ደግሞ ፍንዳታው በተመረጠው ዘመን ውስጥ በየት በኩል እንደወደቀ ይወስነዋል። በቁጥር እንየው። የአንድ አካባቢ እውነተኛ ሙቀት በየአሥር ዓመቱ 0.2 ዲግሪ ይጨምራል እንበል፤ በሁለት ተከታታይ ዓመታት ደግሞ ፍንዳታ 0.4 ዲግሪ አቀዘቀዘው እንበል። የ30 ዓመት መረጃ ይዘን ቀጥታ መስመር ስንስል፣ እነዚያ ሁለት ዓመታት መጨረሻ ላይ ከዋሉ የምናገኘው አዝማሚያ በየአሥር ዓመቱ 0.15 ዲግሪ ይሆናል፤ መጀመሪያ ላይ ከዋሉ 0.25 ይሆናል፤ ልክ መካከል ላይ ከዋሉ ግን 0.2ው አይነቃነቅም።

መረጃው የ15 ዓመት ብቻ ከሆነ ጉዳቱ ይከፋል። በዚያው ስሌት ሁለቱ ቀዝቃዛ ዓመታት መጨረሻ ላይ ሲውሉ አዝማሚያው ወደ 0.01 ይወርዳል፤ ማለትም ሙቀቱ ቆሟል ለማለት የሚያስደፍር መስመር ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ሲውሉ ደግሞ 0.39 ገደማ ይሆንና ሙቀቱ በእጥፍ የፈጠነ ያስመስላል። ከሥር ያለው እውነት ግን በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው። በ1992 የሚጀምርን የሙቀት መስመር ወይም በ1992 የሚያበቃን መስመር ስመለከት መጀመሪያ የምጠይቀው ዓመቱን ማን እንደመረጠውና ለምን እንደሆነ ነው።

መፍትሔው የፍንዳታ ዓመታትን ቆርጦ መጣል አይደለም፤ የተቆረጠ መረጃ የራሱን ክፍተት ይፈጥራል። የተሻለው፣ የኤሮሶሉን መጠንና የኤልኒኖን መለኪያ ከዓመታቱ ጋር አብሮ በስሌቱ ውስጥ ማስገባትና እያንዳንዳቸው የወሰዱትን ድርሻ ለይቶ የቀረውን ማየት ነው። በአንድ ጣቢያ መረጃ ላይ ግን ብዙ መጠበቅ አይገባም፤ በአንድ ቦታ ሙቀት ከዓመት ዓመት የሚዋዥቀው ልክ ብዙ ጊዜ ከፍንዳታው አሻራ ይበልጣልና። ለዝናብ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይብሳል።

ትናንሽ ፍንዳታዎችስ ይቆጠራሉ?

እያንዳንዳቸው ብቻቸውን አይቆጠሩም፤ ሲደማመሩ ግን ይቆጠራሉ። የአላስካው ካሳቶቺ በ2008፣ የሩሲያው ሳሪቼቭ በ2009፣ የኤርትራው ናብሮ በ2011 ፈንድተዋል፤ ሁሉም ከፒናቱቦ ጋር ሲተያዩ ትናንሽ ናቸው። ቢሆንም ከ2000 በኋላ የስትራቶስፌር ኤሮሶል በጥቂቱ ከፍ ብሎ እንዲቆይ አድርገዋል፤ በዚያን ጊዜ ብዙ ላነጋገረው የሙቀት ጭማሪ መዘግየትም ትንሽ ድርሻ አላቸው። ሞዴሎቹ በወቅቱ ስትራቶስፌሩ ንጹሕ ነው ብለው ስለተነሡ ከተለካው በመጠኑ የበለጠ ሙቀት ተንብየዋል።

በ2022 የፈነዳው የቶንጋው ባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራ ለምን የተለየ ሆነ?

ሁንጋ ቶንጋ ሁንጋ ሃዓፓይ በጃንዋሪ 15 ቀን 2022 ሲፈነዳ ደመናው 57 ኪሎ ሜትር ደርሷል። ያስገባው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ግማሽ ሚሊዮን ቶን ገደማ ብቻ ነው፤ ከባሕር ሥር በመፈንዳቱ ግን ወደ 150 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ የውሃ ተን ወደ ስትራቶስፌር ላከ፤ ይህም በዚያ ንብርብር ከነበረው የውሃ ተን አሥር በመቶ ያህል ነው። የውሃ ተን ሙቀት አማቂ ጋዝ በመሆኑ የ2023ን ሪከርድ የሰበረ ሙቀት ለዚህ ፍንዳታ የሰጡ ሰዎች በዝተው ነበር። ኤሮሶሉ የሚያቀዘቅዘውና ተኑ የሚያሞቀው ተቀናንሶ የቀረው ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹ ስሌቶችም ሚዛኑ በመጠኑ ወደ ቅዝቃዜ ያደላል ይላሉ። የ2023ን ሙቀት በዚህ ማስረዳት አይቻልም።

የወደፊት ትንበያዎች ፍንዳታን ከግምት ያስገባሉ?

መቼና የት እንደሚፈነዳ አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ፣ አብዛኞቹ የዚህ ምዕተ ዓመት ትንበያዎች ያለፈውን አማካይ ወስደው በየዓመቱ እኩል የሆነ ስስ ኤሮሶል እንዳለ አድርገው ያሰላሉ። እውነተኛው ምዕተ ዓመት ግን እንዲህ ለስላሳ አይሆንም፤ ቢያንስ አንድ ታላቅ ፍንዳታ ሳይከሰትበት ያልፋል ተብሎ አይጠበቅም። ሲከሰት የዓለም ሙቀት ለጥቂት ዓመታት ይወርዳል፤ ከዚያም ሙቀት አማቂ ጋዞቹ ከነበሩበት ስላልተነቃነቁ ወደ ቀድሞው መስመሩ ይመለሳል። ለአንድ አካባቢ የሃያ ዓመት የውሃ ወይም የእርሻ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው በትንበያው ለስላሳ መስመር ላይ ሁለት ሦስት ደረቅ ዓመታት በድንገት ሊገቡበት እንደሚችሉ አድርጎ ቢያስብ ይሻለዋል።

ሰው ራሱ ይህን ኤሮሶል ወደ ላይ ቢረጭስ?

ሐሳቡ ያለ ነው፤ መነሻውም ፒናቱቦ ያሳየው ቅዝቃዜ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከዕድሜው ነው፦ ጭጋጉ በአንድ ሁለት ዓመት ስለሚረግፍ ያለማቋረጥ መተካት አለበት። በመካከል አንድ ቀን ከተቋረጠ ደግሞ ተሸፍኖ የቆየው ሙቀት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ሰልፌት የኦዞን ንብርብርን እንደሚጎዳም ከ1991 በኋላ በተወሰዱት ልኬቶች ታይቷል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ዝናብ ነው። ኤሮሶሉ በሰሜን ብቻ ከተረጨ፣ በላኪና በኤል ቺቾን እንደታየው፣ ሣህል ይደርቃል፤ በደቡብ ብቻ ከተረጨ የዝናብ ቀበቶው ወደ ሰሜን ተስቦ ሣህል ይረጥብና የብራዚል ሰሜን ምሥራቅ ይደርቃል። በሁለቱም እኩል ቢረጭ እንኳ ሞንሱኑ በጠቅላላው ይደክማል። እሳተ ገሞራ ይህን ሲያደርግ የሚከሰስ የለም፤ አንድ መንግሥት ሲያደርገው ግን ዝናቡ የቀረበት ጎረቤት ማንን እንደሚጠይቅ የሚወስን ዓለም አቀፍ ሕግ ገና አልተጻፈም።